ሁለት ቅያስ ርቄ መኪና የማቆመው ለማን ብዬ ነው?

ዋናው ጽሑፍ

እናቴ እስራኤል ውስጥ፣ ረሆቮት ከተማ ትኖራለች። የእኔ ቤት ከእሷ በመኪና 25 ደቂቃ ይርቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። ሰንበት ስለሆነ መንዳት የለብኝም። እኔ ግን እነዳለሁ። ቤቷ ለመድረስ ሁለት ቅያስ ሲቀረኝ ከአንድ ትልቅ የፊኩስ ዛፍ ሥር አቆማለሁ። ስልኬን መኪናው ውስጥ እተዋለሁ። ከዚያ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ልጆቼን በእጄ ይዤ፣ በእግሬ የመጣሁ መስዬ እገባለሁ። ይህን ማድረግ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ።

ባለፈው ሳምንት የ9 ዓመቷ ልጄ ሁልጊዜ እዚህ ዛፍ ሥር የምናቆመው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ። እዚህ መድረክ ላይ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ነገሩን ሳልሸፋፍን ልናገር። ቤተ እስራኤል ከምንባለው ከኢትዮጵያ አይሁዶች ነኝ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ስመጣ ስድስት ዓመቴ ነበር። እንደ ብዙዎቻችን የሃይማኖት አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ። ወታደር ቤት ሳለሁ ጸሎቱ ቀረ። ቀስ በቀስ ሌላውም ተከተለ። ዛሬ እዚህ አገር ሒሎኒ፣ ዓለማዊ ከሚባሉት ነኝ። ሃይማኖት የለኝም። ግን ለቅሶ አልቀርም። ለበዓላችን ለስግድ ኢየሩሳሌም እወጣለሁ፤ ቄሶቹ በግዕዝ ሲያነቡ አንድ ቃል ሳይገባኝ አለቅሳለሁ። ወንድሜ ሊያገባ ሲል ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ እንዳልሆኑ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብዬ ቆጥሬያለሁ። አርብ ማታ ሻማ አበራለሁ፤ አያቶቼ ጎንደር ውስጥ ሲያበሩት የኖሩት ነውና።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። እኔ እስራኤል ነኝ፣ አይሁድ ነኝ ስል ምን ማለቴ ነው? ለልጆቼስ የማወርሳቸው ምኑን ነው? ሃይማኖቱ ከተነሣለት ባህሉ ብቻውን ከአንድ ትውልድ የሚዘልቅ አይመስለኝም። ተሳስተሻል በሉኝ።

እስከ ዛሬ ጠዋት 31 መልስ መጥቷል። የመልሶቹ ክር ረዘመብን ላላችሁኝ፣ የተባለውን በቁጥሩ በራሴ አንደበት ላውጋችሁ።

መልስ 1

ናታኒያ የሚኖሩ አባት ናቸው። መጀመሪያ እናቴን መረቁልኝ። ከዚያ ወደ ድሮው ወሰዱን። ጎንደር ሳሉ ጎረቤቱ ፈላሻ ብሎ ሲጠራቸው ሰንበት መጠበቃቸውን አጣርቶ አልነበረም። ቡዳ የተባሉትም፣ ርስት የተነፈጉትም ጸሎተኛውም ሰካራሙም እኩል ነው። ስለዚህ እስራኤልነት ከሰው ጋር አብሮ የሚወለድ ነገር መሆኑን ያምናሉ። በመጨረሻ፣ መኪናዬን አራቅሁም አቀረብሁም እናቴ ማወቋ እንደማይቀር ጣል አድርገው ወጡ። ያን ጊዜ ብዙም ልብ አላልኩትም።

መልስ 2

ቤር ሼቫ የምትሠራ ነርስ። እሷም መኪናዋን የምታቆመው ከወላጆቿ ሰፈር ጥግ ካለ መድኃኒት ቤት አጠገብ ነው። ሌሎች አራት የምታውቃቸው ሴቶችም እንደዚያው ያደርጋሉ። ይህን ሳነብ ደረቴ ላይ የነበረ አንድ ነገር ቀለል አለኝ።

መልስ 3

ቁጥር የሚወድ ተማሪ ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 እስራኤል ውስጥ ባደረገው ጥናት፣ ከአይሁዶቹ 49 በመቶው ራሳቸውን ሒሎኒ ብለው እንደመደቡ ጻፈ። ከእነዚሁ ሒሎኒዎች 87 በመቶው ግን በዚያ ዓመት የፋሲካ ማዕድ ላይ ተቀምጠዋል። ያለ እምነት ማዕድ መቅረብ የእኔ የብቻዬ ጉድ እንዳልሆነ ሊያጽናናኝ ነው የፈለገው።

መልስ 4

እዚህ ላይ ድምፁ ጠነከረ። ከሎድ የሚጽፍ ወንድም የመልስ 3ን ቁጥር አልወደደውም። ቴል አቪቭ ያለ ነጭ ሒሎኒ ቅዳሜን ባሕር ዳር ቢውል አይሁድነቱን የሚጠይቀው የለም። ከእኛ አንዱ ሰንበትን ሲተው ግን ድሮም ጥርጣሬ ነበረን የሚል ዓይን ይከተለዋል። ለዚህ ማስረጃ ያደረገው እ.ኤ.አ. የ1985ቱን ነገር ነው። ያኔ የጠቅላይ ራቢዎቹ ጽሕፈት ቤት፣ ራባኑት የምንለው፣ የእኛን ሰዎች ለማጋባት መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ጠልቀው ይውጡ አለ። ትርጉሙ ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ እንደ አዲስ መለወጥ ነው። ወላጆቻችን ኢየሩሳሌም ላይ ከሕንፃው ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። የዚህ ወንድም አባት እዚያ ነበሩ። ምንጣፍ አንጥፈው፣ ልጆቻቸውን አቅፈው፣ ማታ ማታ እየበረዳቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አይሁድነታችንን አልተቀበለም ነበር ብሎ ደመደመ።

መልስ 5

ይህቺን መጨረሻዋን አንዲት የታሪክ መምህርት አረመችው። ጠቅላይ ራቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ ናቸው ብለው የወሰኑት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። አይሁድ ሁሉ እስራኤል መጥቶ ዜጋ እንዲሆን የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ እኛንም እንዲያካትት መንግሥት የወሰነው ደግሞ በ1975። እርማቱ ልክ ነው። ግን እርማቱ የ4ኛውን ቁስል አላሻረውም። እንዲያውም አስከፋው፤ በ1973 የተቀበሉትን ሰው በ1985 እንደገና ጠየቁት ማለት ነዋ።

መልስ 6

ይሄኛው የታረምኩበት ነው። አንዲት ትልቅ ሴት፣ ልጃቸው እያጻፉት፣ አያቶቼ የሰንበት ሻማ አብርተው እንደማያውቁ አስረዱኝ። አገር ቤት ሰንበት ሲገባ እሳት ይጠፋል እንጂ አይለኮስም። ምድጃው አመድ ይለብሳል። የሚበላው አርብ የተጋገረው ዳቦና የበረደው ወጥ ነው። ሌሊቱ በጨለማ ይታለፋል። ሻማውን ያስተማሩን እዚህ፣ መጤዎች ሳለን፣ በመቀበያ ማዕከሉ ውስጥ ናቸው።

ደነገጥኩ። ከእምነቴ ሁሉ የተረፈችኝ ያቺ ሻማ ነበረች። የጎንደር ናት ብዬ ነበር የያዝኳት። ለእናቴ ደወልኩ። አዎ አለችኝ። በመጀመሪያው ዓመት በሰንበት ዋዜማ ሻማ እንድታበራ ስትታዘዝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሰንበትን የምትሽር መስሏት። ያቺን የኤሌክትሪክ ምግብ ማሞቂያ፣ ፕላታዋን፣ እስከ ዛሬ ቤቷ አላስገባችም። ቅዳሜ እሷ ጋ የምንበላው ዶሮ ወጥ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ የሆነው ለካ ለዚህ ነው። እኔ ለ30 ዓመታት እናቴ ማሞቅ ረስታ ይመስለኝ ነበር።

መልስ 7፣ 8፣ 9

ነገሩ ወደ ምግብ ሄደ። ቀዝቃዛ ወጥ ይጣፍጣል፣ አይጣፍጥም ተባለ። አንዷ የሰንበት ዳቦ አሠራር ጻፈች፤ ዱቄቱ ሐሙስ ማታ ይቦካል፣ ጥቁር አዝሙድ አይረሳም። አንዱ ቡና በቴርሞስ ውስጥ አድሮ መጠጣት አለበት ወይስ የለበትም በሚለው ላይ ሦስት አንቀጽ ጻፈ። በነገራችን ላይ ዳቦውን ሞከርኩት፤ ልክ ናት።

መልስ 10

ከአሽዶድ የሚጽፍ ሃይማኖተኛ ወጣት ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። ስለ ዳቦ የሚያወሩ ሰዎች ኦሪቱን ረስተው መሶቡን ይዘዋል ነው የሚለው። በእሱ እይታ ባህል የሃይማኖት ልጅ ነው፤ ወላጁ ሲሞት ትንሽ ይቆይና ይከተለዋል። የእኔ ልጆች ምናልባት እስክስታ ይወርዱ ይሆናል፣ የእነሱ ልጆች ግን ምን እንደሚያስጨፍራቸው አያውቁም። እስራኤል ሰንበትን ከጠበቀው ይልቅ ሰንበት ራሷ እስራኤልን ጠብቃለች የሚለውን የዕብራይስጥ ጸሐፊውን የአሃድ ሃዓምን ሐሳብም ጠቀሰ። አነጋገሩ ጠንካራ ነበር። ግን ይዋሻል ልለው አልችልም። እኔም ዋናው ጽሑፌ ላይ የፈራሁት ይህንኑ ነው።

መልስ 11

ኒው ዮርክ ከምትኖር ከእኛው ልጅ ነው። 10ኛውን በሌላ ታሪክ መለሰችው። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቡንድ የተባለውን የሠራተኞች ንቅናቄ እ.ኤ.አ. በ1897 ቪልና ላይ አቋቋሙ። ሃይማኖተኞች አልነበሩም። ሕዝብነታቸውን የያዙት በይዲሽ ቋንቋ፣ በጋዜጣ፣ በቲያትር፣ በማታ ትምህርት ቤት ነው። የምትንከባከባቸው አንዲት አዛውንት ኒው ዮርክ ውስጥ የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት ልጅ ነበሩ። እግዚአብሔር የሚል ቃል ቤታቸው አይነገርም ነበር። በይዲሽ ግን ይዘፍናሉ፣ ይሳደባሉ፣ ያለቅሳሉ። የልጅ ልጆቻቸው አይሁድ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ይዲሽ ግን አንድ ቃል አይችሉም።

10ኛው ይህን ለራሱ ማስረጃ እንዳያደርገው ቀድማ ዘጋችበት። የይዲሽ ዓለም የጠፋው ሃይማኖት ስለተወ አይደለም። አውሮፓ ከነበረው ተናጋሪ አብዛኛው በናዚዎች ተገደለ። አሜሪካ የነበረውን ደግሞ እንግሊዝኛ ዋጠው። እሷን የሚያስፈራት የእኛ አማርኛ ነው። የእህቷ ልጆች አያታቸውን በስልክ የሚያናግሩት በአስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚዋም ራሷ ናት፣ ከኒው ዮርክ።

መልስ 12

አጭር ነው። 10ኛው የጠቀሳቸው አሃድ ሃዓም ራሳቸው ሃይማኖተኛ እንዳልነበሩ ያስታውሳል። ሰንበትን ያወደሱት እንደ ሕዝብ ሀብት አድርገው ነው። ይህችን ሳነብ ተነሥቼ ሻይ ጣድኩ። ያልጠበቅኩት ሰው ከእኔ ወገን ተገኘ።

መልስ 13

የታሪክ መምህርቷ ተመለሰች። ስለ ቋንቋ ለሚጨነቁት አንድ ነገር አመጣች። ቤተ እስራኤል ከዚህ በፊት ቋንቋ አጥተው ያውቃሉ። አባቶቻችን አገውኛ ይናገሩ ነበር። አማርኛ ቦታውን ወሰደ። አገውኛው በአንዳንድ ጸሎቶች ውስጥ ብቻ ቀረ። ቄሶቹ ትርጉሙን ሳያውቁ የሚያዜሟቸው ቃላት አሉ። ሕዝቡ ግን አልጠፋም። ስለዚህ ልጆቻችን በዕብራይስጥ ቢያወሩ መጨረሻችን አይደለም ባይ ናት።

ይህ ለእኔ የክሩ ጠንካራው መልስ ነበር። ሆኖም አንድ ጥያቄ መልሼ አቀረብኩላት። ያኔ ቋንቋው ሲሄድ ጸሎቱ ነበር የያዘን። አሁን ሁለቱም አብረው እየሄዱ ያሉበት ቤት አለ። የእኔ ቤት። እስካሁን አልመለሰችልኝም።

መልስ 14

ባሏ ከሩሲያ የመጣ ሴት ናት። በሶቪየት መታወቂያ ላይ አምስተኛው መስመር ብሔር የሚጻፍበት ነበር፤ የባሏ አባት እዚያ ላይ አይሁድ ተብለው ተጽፈዋል። በዚያ መስመር የተነሣ ዩኒቨርሲቲ ተከለከሉ። ምኩራብ ገብተው አያውቁም። ባሏ እዚህ ሲመጣ ደግሞ እናቱ አይሁድ ስላልሆነች ራባኑቱ አላውቅህም አለው። አገሩ ላይ የሲቪል ጋብቻ ስለሌለ ቆጵሮስ ሄደው ተጋቡ። እዚያ በአባቱ የተነሣ አይሁድ፣ እዚህ በእናቱ የተነሣ አይደለም። እሷ ከዚህ የምታወጣው አንድ ነገር ነው፤ ማንነትን ለቢሮ ከተዉት ቢሮው በፈለገው ቀን ይለዋወጠዋል።

መልስ 15

ይህን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ከጎንደር ነው የተጻፈው። የክርስትና ስም ከያዙ አያቶች የተወለደ፣ ዘርዐ እስራኤል የምንላቸው ወገን ነው። ከ20 ዓመት በላይ ይጠብቃል። ወንድሙ እዚህ ነው ያለው። በየማለዳው ጸሎት ቤት ይሄዳል። ዕብራይስጥ ይማራል። ሰንበት ይጠብቃል። አንድ ቀን ቢፈቀድለት እንኳ የሚገባው በመመለስ ሕግ አይደለም፤ በመንግሥት ልዩ ውሳኔ ነው፣ ከገባም በኋላ የመመለሻ ትምህርት ተምሮ መለወጥ አለበት። በስልኩ የእኔን ጽሑፍ አነበበ። እሱ ሁሉንም እየጠበቀ አይሁድ አይደለህም ይባላል። እኔ አንዱንም ሳልጠብቅ፣ አይሁድ መሆኔን ማንም ሳይጠይቀኝ፣ መኪና የት ላቁም እያልኩ እጨነቃለሁ። እንደዚህ ነው ያለው። ስድብ አልነበረበትም። ስድብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

መልስ 16

የእኔው ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት። ሌላ የምለው አላገኘሁም። ዛሬም የለኝም።

መልስ 17 እና 18

17ኛው የ15ኛውን ሰው አያት ከሃዲ ብሎ ሰደበ። የመድረኩ ኃላፊ አጠፋው። 18ኛው ለምን ጠፋ የሚል ጭቅጭቅ ነው። አልፈዋለሁ።

መልስ 19

የናታኒያው አባት ናቸው። በዚህ ክር ውስጥ ሲቆጡ ያየኋቸው አሁን ብቻ ነው። ቁጣቸውም በጨዋ ደንብ ነው። እስራኤል ርስት እንዳይኖረው የተከለከለው ለዘመናት እንደሆነ፣ ጭሰኛ ሆኖ፣ ብረት እየቀጠቀጠ፣ ሸክላ እየሠራ እንደኖረ አስረዱ። ሚስዮናውያኑ እ.ኤ.አ. ከ1860 ጀምሮ ሲመጡ ከመጽሐፍ ጋር ትምህርትና እህል ነበራቸው። በክፉ ቀን የተለወጠውን ሰው በጠገበ ሆድ መፍረድ ነውር ነው አሉ። የእሳቸው የአጎት ልጅ ከተለወጡት አንዱ ነበር። ማታ ማታ ለሰንበት ዳቦ ሊቀበል በጓሮ ይመጣ ነበር። እናታቸው ይሰጡት ነበር፤ ዳቦውን እጁ ላይ አያስቀምጡም፣ ድንጋይ ላይ አድርገውለት ያነሣል። እንዳይነካኩ። አትንኩኝ የሚባለው ዘመን ነበርና። ግን አንድም ሰንበት ሳይሰጡት ቀርተው አያውቁም።

መልስ 20

አዲስ አበባ ያለ የኦርቶዶክስ ልጅ ነው። እሱም ሳያምን ሁዳዴን ይጾማል፤ እናቱ ስለምትጾም። ጥምቀት ላይ ነጭ ይለብሳል። የእኔ ጥያቄ የአይሁድ ብቻ እንዳልሆነ ሊነግረኝ ነው። ደስ አለኝ፤ ግን ልዩነቱን ጻፍኩለት። እሱ በብዙኃኑ መካከል ነው የሚኖረው፤ ቢተወው ጎዳናው ይጠብቅለታል። እኛ ጎንደር ውስጥ ጎዳናው የእኛ አልነበረም።

መልስ 21

የ26 ዓመት ወጣት፣ እዚሁ የተወለደ። አማርኛው ይሰናከላል። ግን ክሩ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት የእሱን ነው።

ምንም የማያገናኘኝ ሰው ነበርኩ ነው የሚለው። ጓደኞቹ ሌሎች፣ ሙዚቃው ሌላ። ሁለት ዓመት ሆነው አባቱ ሲሞቱ። ከቀብር ሲመለስ ከሕንፃቸው ሥር ድንኳን ተተክሏል፤ ማን እንደተከለው አያውቅም። ወንበር ተደርድሯል። የማያውቃቸው ሴቶች ትልልቅ ድስት ይዘው ደረጃ ይወጣሉ። ከአፉላ፣ ከቂርያት ጋት፣ ከሐዴራ በአውቶቡስ ሰው መጣ። ሰባት ቀን እንዲህ ሆነ። እያንዳንዱ ወንድ እሱን ሲያቅፈው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከአባቱ ጋር በየት መንደር እንደኖረ ይነግረዋል። በአራተኛው ቀን አንድ ሰው ሱዳን ውስጥ አባቱ በጀርባቸው ተሸክመው ያሻገሩት ልጅ እሱ እንደነበር ነገረው። አባቱ ይህን ለልጆቻቸው ተናግረው አያውቁም።

በመጨረሻው ቀን አንዲት ሴት የተጣጠፈ የትምህርት ቤት ደብተር ሰጡት። ማን ስንት እንዳመጣ ተጽፎበታል። 50 ሸቀል፣ 100 ሸቀል፣ አንድ ካርቶን ለስላሳ። በአማርኛ ስለሆነ ማንበብ አልቻለም። እናቱ ትርጉሙን ነገረችው፤ ይህ ሁሉ ሰው በተራው ሲያዝን አንተ ትሄዳለህ። ፊደል የተማረው ያን ደብተር ለማንበብ ነው። አሁን ከሥራ ሲወጣ ማታ በአምስት ሰዓት አፉላ ድረስ ይነዳል፣ ለቅሶ ተቀምጦ ይመለሳል። ሰንበት አይጠብቅም። በእግዚአብሔርም እርግጠኛ አይደለም። ደብተሩ መኪናው ውስጥ ነው።

10ኛው የአሽዶድ ወጣት ለዚህ መልስ የወደድኩት ምልክት አደረገ። ምንም አልጻፈም።

መልስ 22 እስከ 24

ሰባት ቤት ስለመቁጠር ነው። አንዷ እጮኛዋን ለእናቷ ባስተዋወቀችበት ማታ ስልኩ እስከ እኩለ ሌሊት ሳይዘጋ እንዳደረ ጻፈች። ሽማግሌ ለሽማግሌ እየደወለ፣ ከወገራ እስከ ሰቀልት ተቆጠረ። አምስተኛው ላይ አንድ ስም ተመሳሰለ፤ ልጆቹ ሦስት ሳምንት በስጋት ከረሙ። ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ተጋቡ። ሁለቱም ሒሎኒ ናቸው፤ ግን ዘመድ ሆነው ቢገኙ ኖሮ ይተዉት እንደነበር ምላ ትናገራለች።

መልስ 25

ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የመጡ ሰው ናቸው። እኛን በአውሮፕላን ያመጣን ዘመቻ ሰሎሞን ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ነበር። አርብ እና ቅዳሜ። ከ14,000 በላይ ሕዝብ በ36 ሰዓት ውስጥ የተሻገረው በሰንበት ነው። የአውሮፕላኑ ወንበር ተነቅሎ መሬት ላይ ተቀምጠን፣ ቁጥር ግንባራችን ላይ ተለጥፎ። ወንዝ በሰንበት የማይሻገሩ ሽማግሌዎች ባሕር ተሻገሩ። ሰውዬው ይህን ጽፈው፣ እናቴን ስለዚያ ሰንበት ጠይቄያት እንደማውቅ ጠየቁኝ።

ቀኑን አውቀው ነበር። ከእናቴ ጋር ግን አያይዤው አላውቅም።

ከ26 እስከ 30 ያሉት ስለ ስግድ መጓጓዣ ናቸው። ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በክኔሴት፣ በፓርላማው ሕግ የአገር በዓል ከሆነ ወዲህ መንገዱ ተጨናንቋል፣ አውቶቡሱ ከየት ይነሣል፣ ልጆች እስከ ስንት ሰዓት ይጾማሉ። 31ኛው የ15ኛውን ሰው አድራሻ በግል ጠይቆ የጻፈ ነው። ወንድሙን እዚህ ያውቀዋል።

ያን ሳምንት አርብ ጀምበር ሳትጠልቅ እናቴ ጋ ሄጄ ጠየቅኳት። ዳቦውን እየጠቀለለች ነበር። ሥራዋን ሳታቋርጥ ነገረችኝ። አዲስ አበባ፣ የእስራኤል ኤምባሲ ግቢ ዕቃችሁን ተዉ ሲባል አንድ ቁራሽ ዳቦ ደረቷ ውስጥ አስቀረች። አውሮፕላኑ ውስጥ ጨለማ ነው፤ ሰንበት መግባቷን የምታውቅበት ፀሐይ የለም። በግምት ቆርሳ ሰጠችን። አጠገቧ መሬት ላይ የተቀመጡ ቄስ ነበሩ። ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን ብላ ጠየቀቻቸው። ቄሱ ስለ ኃጢአቱ ምንም ሳይሉ ልጆቿን እንድትቆጥር ብቻ አዘዟት። በጨለማው ራስ ራሳችንን እየዳሰሰች ቆጠረች። አራታችንም ነበርን።

ዳቦውን በነጠላ ሸፍና ወደ ጓዳ ስትገባ፣ የፊኩሱ ፍሬ የመኪናዬን ቀለም እንደሚያበላሽ ነገረችኝ። ከቤቷ ፊት ለፊት ጥላ ያለው ቦታ አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ያቆምኩት እዚያው ዛፉ ሥር ነው። ልጄ አየችኝ። ምክንያቱን ነገርኳት፤ አያቷ እንደምታውቅም ጭምር። ከዚያ ሁለቱን ቅያስ ስንሄድ በእናቴ በኩል ያሉ አያቶቿን እስከ ሰባት እንድትቆጥር አደረግኳት። አራተኛው ላይ ቆመች። እኔም አምስተኛውን አላውቀውም ነበር። በሩን የከፈተችልን እናቴ ናት፤ ገና ጫማ ሳናወልቅ ጠየቅናት።